የታንቲ ፊሎ እግር

ሃደርስፊልድ፣ እንግሊዝ
ጃንዋሪ 11፣ 1998

ለተወደድሽው እህቴ ክላሪስ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ኦስበርት፣ ልጆቹ፣ እናትሽስ እንደምን ናቸው? እኔ ከብርዱና ከወገቤ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ እንደምታውቂው ነው፤ እነሱ አንሶላ ማቆሸሹን አልተዉ፣ እኔም ማጠቡን አልተውኩ። አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ የጤና ይሁንላችሁ።

በመንደራችን ጤና ጣቢያ መመደብሽን ስሰማ እልል ብዬ ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ጮህኩ። ከዘመዶቻችን መሀል ነጭ ጋውን ለብሶ ሲስተር የተባለ ካንቺ በፊት ማን አለ? አያትሽ ብትኖር እንዴት ትኮራ ነበር። ያው አክስትሽ፣ «ታንቲ» የምትያት እማማ፣ በእህቷ የልጅ ልጅ ሁለት እጥፍ ኮርታለች።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እማማን ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በሱቁ ስልክ ስደውልላት መንደሩ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ስለሚያዳምጥ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ በይ ሳንቲምሽን አትጨርሺ» ብላ ትዘጋዋለች። አባቴ የሞተ ቀን እንኳ «ደህና ነኝ» ነው ያለችኝ። እዚህ ከመጣሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት አፍ ሌላ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ደብዳቤሽ የስኳር ሕመምተኞችን እግር የመመርመር ሥልጠና ወሰድኩ ብለሽኝ አልነበር? በሞቴ የእናቴን እግር እይልኝ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም በባዶ እግሯ የኮኮዋ ማድረቂያው ጣውላ ላይ ወጥታ፣ ፍሬውን በእግሯ እያገላበጠች ትጨፍራለች። እኔ የማጥባቸውን አንሶላዎች የሚያቆሽሹት ግማሾቹ እግራቸው የተቆረጠ የስኳር ሰዎች ናቸውና ፈራሁ። ለፋሲካ ልመጣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እግሯ የሚያሰጋ ከሆነ መጥቼ ራሴ ትልቁ ሆስፒታል ይዣት እሄዳለሁ። ደህና ከሆነች ግን ፈቃዴን ለከርሞ አዛውረዋለሁ፤ እዚህ ሰው አጥሮናልና አለቃዬ ፊቷን አጥቁራብኛለች።

የማምነው ያንቺን ዓይን ነው። እውነቱን ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣
እህትሽ ዩላሊ

ሞን ፓቪ፣ ግሬናዳ
ፌብሩዋሪ 9፣ 1998

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ዩላሊ፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ለክብሩ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። ኦስበርት ጀልባውን ቀለም ቀብቶ ጨረሰ፤ ልጆቹ እኔን እያስጮሁ ያድጋሉ።

በይ ስሚ፤ እናትሽን መረመርኳቸው! ሐሙስ ጤና ጣቢያው የስኳር ሕመምተኞችን የሚያይበት ቀን ነው። ያንቺ መንደር ሰው ሐኪም ቤት ሲመጣ እንዴት እንደሚለብስ መቼም አትረሺውም። ታንቲ ፊሎ ያችን ላባ ያላትን ቢጫ ባርኔጣ ደፍተው፣ ስቶኪንግ አጥልቀው፣ ሽፍን ጫማ ተጫምተው ከች አሉ። «ታንቲ፣ እግር ሊታይ የሚመጣ ሰው እንዲህ ተጀቡኖ ይመጣል?» ብላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ መንግሥት ቤት እንደ ለማኝ በባዶ እግሬ ልምጣልሽ?» አሉኝ። ስቶኪንጉን ለማውለቅ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ምርመራው ቀላል ነው። እንደ ዓሣ ማጥመጃ ያለ የናይለን ክር ነው፣ እጀታ ላይ የተተከለ። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ በእግሩ ሥር አሥር ቦታ ላይ ክሩ እስኪጎብጥ ጫን አደርጋለሁ፤ የተሰማው ጊዜ «አዎ» ይላል። ያልተሰማው እንደሆነ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ገድሎታል ማለት ነው፤ ቢወጋ አያውቅ፣ ቢቃጠል አያውቅ። ስለዚህ የሚያሰጉትን ከማያሰጉት ለይተን ካርዳቸው ላይ እንጽፋለን።

መጋረጃ የለንም፤ ተራ ጠባቂዎቹ ሦስት እርምጃ ርቀው አግዳሚው ላይ ተኮልኩለዋል። ታንቲ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አዎ! አዎ! አዎ!» ማለት ጀመሩ፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚዘምሩ ይመስልሻል። እኔ ከምነካው እሳቸው የሚመልሱት ቀደመ። ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። «አለፍኩ ወይስ ወደቅሁ?» ሲሉኝ «በማዕረግ አልፈዋል» አልኳቸው። የእግራቸው ሥር ከኮኮዋው ብዛት እንደ ጣውላ ጠንክሯል እንጂ ቁስል የለውም። «ስጋቱ ዝቅተኛ፣ ከዓመት በኋላ ትምጣ» ብዬ ካርዳቸው ላይ ጽፌያለሁ።

ስለዚህ ልብሽን አሳርፊ። እሳቸው የላኩልሽን የኮኮዋ እንክብል ወተት ጨምረሽ አፍልተሽ ጠጪበት፣ ብርዱን ያባርርልሻል።

አክባሪሽ፣
ክላሪስ

ሃደርስፊልድ
ማርች 15፣ 1998

የኔ ቆንጆ ክላሪስ፣

እንደምን አለሽ? እግዜር እጅሽን ይባርከው! ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ እያነበብኩ ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በማዕረግ አልፈዋል!» አይ እማማ! እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው፤ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ፈቃዴን ሰረዝኩት፤ ለከርሞ ፋሲካ አደረግሁት። አለቃዬ ጥርሷን አሳየችኝ፣ እሱም አንድ ነገር ነው። እማማ ደግሞ «የማድረቂያው ሰውዬ አርጅተሻል፣ ቁጭ ብለሽ ፍሬ ልቀሚ ይለኛል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብላ በሱቁ ስልክ ጠየቀችኝ። እኔም «ሲስተሯ እግርሽ ደህና ነው ካለች ምን ያስቀምጥሻል? ጨፍሪ!» አልኳት። እንዴት ደስ አላት መሰለሽ።

ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

ዩላሊ

ሞን ፓቪ
ጁላይ 2፣ 1998

ለተከበርሽው እህቴ ዩላሊ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝናቡ ገብቶ ጤና ጣቢያው በትኩሳት ሰው ተጥለቅልቆ ነበር። እኛ ደህና ነን።

ታንቲም ደህና ናቸው። ትንሽ ነገር ግን አለችና ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ግራ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሴቶቹ ማድረቂያው ላይ ወጥተው እየዘፈኑ ኮኮዋውን በእግራቸው ሲያገላብጡ፣ አሠሪው ፍሬው ላይ ደም ያያል። «የማን እግር ነው? አንሱ እግራችሁን!» ብሎ ይጮኻል። ሁሉም እንደ ዶሮ በአንድ እግራቸው ቆመው እግራቸውን ያሳዩታል። ታንቲ ብቻ መጨፈራቸውን አላቆሙም። «የኔ አይደለም፤ እኔን ምንም አላመመኝም» እያሉ ሌሎቹ ላይ ይስቃሉ። በኋላ አንዷ ጎንበስ ብላ ብታያቸው፣ ከጣውላው የወጣች ምስማር ተረከዛቸው ውስጥ እስከ ራሷ ገብታለች። ዙሪያው ማበጥ ጀምሮ ስለነበር ከገባች ሁለት ቀን ሳይሆናት አይቀርም። ሁለት ቀን ሙሉ በላይዋ ሲጨፍሩባት ነበር።

ያ ሁሉ ኮኮዋ ተጣለ። ታንቲን የቆጫቸው እሱ ነው፤ «በኔ ደም የሰው ድካም ተደፋ» ብለው እንባቸው መጣ እንጂ ለእግሩስ ደንታም አልነበራቸው።

ምስማሯን አውጥቼ አጥቤ አሽጌላቸዋለሁ። በየቀኑ እየሄድኩ እጠርግላቸዋለሁ። ዶክተሩም መድኃኒት አዞላቸዋል። አታስቢ።

ክላሪስ

ሃደርስፊልድ
ጁላይ 26፣ 1998

ክላሪስ እህቴ፣

እንደምን ነሽ? እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው። ትንሽ ቁስል? ሁለት ቀን ምስማር ላይ ሲጨፈር የማይሰማው ምን ዓይነት እግር ነው? አንቺ መርምረሽ ደህና ነው ያልሽውን እግር እሷ በአራት ወር ገደለችው ማለት ነው! መድኃኒቷን እንደማትውጥ አውቃለሁ። ለሰንበት ኬክና ለክርስትና ኬክ እጇን እንደማትሰበስብም አውቃለሁ። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፤ ጥፋቱ የሷ ነው።

በፖስታው ውስጥ ለሷ የጻፍኩት አለ። ዓይኗ ስለደከመ አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ። እሷን የሚያስተካክላት ይሉኝታ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቿ ሚስ ኢኒድና ዲያቆን ካትበርት በረንዳው ላይ ቁጭ ባሉበት አንብቢላት፣ ይስሟት።

ዩላሊ

(ለእማማ)

እማማ፣ ሲስተሯ እግርሽን አይታ ደህና ነሽ ብላሽ ነበር። ጤነኛ እግር ሰጥታሽ ነበር። አንቺ በሆዳምነትሽና በግትርነትሽ በገዛ እጅሽ አበላሸሽው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በሰው አገር የሰው ቆሻሻ ሳጥብ፣ አንቺ አንድ እግር መጠበቅ አቃተሽ። አሳፈርሽኝ። በዘመድ ፊት፣ በሲስተሯ ፊት አሳፈርሽኝ። ልጅሽ ዩላሊ።

ሞን ፓቪ
ሴፕቴምበር 20፣ 1998

ለተከበርሽ ወይዘሮ ዩላሊ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በሱቁ ስልክ እንደሰማሽው፣ የታንቲ ፊሎ ግራ እግር ኦገስት 29 ቀን በትልቁ ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ቁስሉ ጠቁሮ ወደ ላይ ይወጣ ስለነበር ሌላ መንገድ አልነበረም። ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቋል። ከሆስፒታል ወጥተው እቤታቸው ናቸው፤ ሚስ ኢኒድ አብራቸው ታድራለች።

ደብዳቤሽን አንብቤላቸዋለሁ። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ነው፤ ሚስ ኢኒድና ዲያቆን ካትበርት ነበሩ። አንድም ቃል አላስቀረሁም። ታንቲ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስጨርስ «እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሲስተሯማ ምን ታድርግ፣ ደክማልኛለች» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ሳሙት። «እናትሽ ይቅርታ ብላሻለች ብለሽ ጻፊላት» ብለውኛል፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ክላሪስ ሞደስት

ሞን ፓቪ
ኦክቶበር 4፣ 1998

እህት ዩላሊ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ከጻፍኩልሽ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ስታጠብ ከረምኩ፤ ሳሙት ብዬሽ የለ? ያ የሳሙት እጅ አላስተኛኝም።

ያን ሐሙስ የሆነውን ልንገርሽ። ጽፌልሽም ነበር፤ ግን እንደ ቀልድ አድርጌ ነው የጻፍኩልሽ። «እኔ ከምነካው እሳቸው የሚመልሱት ቀደመ» አላልኩሽም? እህቴ፣ እሱ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ላይ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ክሩን ከእግራቸው አራቅሁትና አየር ላይ ያዝኩት። ምንም አልነካሁም። «አዎ!» አሉ። አሁንም አየር ላይ ያዝኩት። «አዎ!» አሉ። ያስተማሩን የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሳትነኩት አዎ የሚል ሰው እየገመተ ነው፣ አቁሙና እንደገና ጀምሩ ብለውናል። እኔ ግን አላቆምኩም። አግዳሚው ይስቃል፤ ከታንቲ በኋላ አሥራ ሰባት ሰው ይጠብቀኛል፤ ስቶኪንጉ ብቻ ሩብ ሰዓት በልቶብኛል። ደግሞስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝን ሴትዮ «ታንቲ፣ እግርዎ አይሰማም፤ የሌለ ነገር ነው አዎ የሚሉት» ልበላቸው? ቆዳቸው በኮኮዋ ስለጠነከረ ነው እንጂ አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። ለጠነከረ ቆዳ የሚደረገውንም አስተምረውናል፤ ጠንካራውን ትቶ ለስላሳው ላይ መሞከር ነው። አልሞከርኩም። «ስጋቱ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ቀን እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ባዶ እግራቸውን ማድረቂያው ላይ አይወጡም ነበር። ጫማ እናሠራላቸው ነበር። በየወሩ እግራቸውን አይ ነበር። አንቺም ለፋሲካ ትመጪ ነበር። ምስማሩን ያስቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ ታንቲን ማድረቂያው ላይ ያወጣቸው ያ የኔ ካርድ ነው።

ደግሞ ያን ደብዳቤሽን እያነበብኩ! «ሲስተሯ ጤነኛ እግር ሰጥታሽ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እንኳ አላቆምኩም። ዲያቆኑ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሚስ ኢኒድ ከንፈሯን እየመጠጠች፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔ ጥርት አድርጌ አነበብኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ደግሞ «ተረፍሽ» የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ነበር፤ እሱ ነው ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ።

ለነርሶች አለቃችን፣ ለሜትሮኗ፣ ነግሬያታለሁ። ከእግር ምርመራ አንስታኛለች፤ እኔ የጻፍኳቸውን አርባ ሦስት ካርዶች አውጥታ ሰዎቹን አንድ በአንድ ራሷ ታያቸዋለች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ እንደ ተማሪ አያለሁ። እስካሁን ስድስቱ እግራቸው የማይሰማ ሆኖ ተገኝቷል።

ለታንቲ ግን አልነገርኳቸውም። በየቀኑ ልነግራቸው እሄዳለሁ፤ «መጣሽልኝ?» ሲሉኝ ፋሻ ቀይሬ እመለሳለሁ።

ክላሪስ

ሃደርስፊልድ
ጃንዋሪ 17፣ 1999

ክላሪስ፣

ሰላምታ ልጽፍልሽ ሦስት ወር ሞከርኩ። እንደምን ነሽ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ተቀበዪኝ።

ሥራ ላይ አንሶላ ስዘረጋ ደብዳቤሽ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ አንቺን ረገምኩ። አልደብቅሽም፣ አፌን ሞልቼ ረገምኩሽ። ከዚያ ለእማማ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ እርግማኑ አፌ ላይ ደረቀ። ሆዳም አልኳት። አሳፈርሽኝ አልኳት። ጎረቤት ሰብስቤ በሰው አፍ ሰደብኳት። እሷም ይቅርታ ጠየቀችኝ! እናቴ እኔን! ይህን ያደረግሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እኔም እጄ አለበት። ለፋሲካ ያልመጣሁት አንቺ ደህና ናት ስላልሽ ነው ወይስ ደህና ናት እንድትይኝ ስለፈለግሁ? አለቃዬ ስለሳቀችልኝ ደስ ብሎኝ አልነበር? አላውቅም። ሳስበው ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

አሁን የምነግርሽን ታደርጊያለሽ። ያን ደብዳቤ በማን ፊት ነው ያነበብሽላት? በሚስ ኢኒድና በዲያቆን ካትበርት ፊት። እነሱኑ ጥሪያቸው። ለእኔ የጻፍሽውን መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላት። ያን የኔን እንዳነበብሽው ጥርት አድርገሽ። ቀጥሎ የኔን ይቺን አንብቢላት፤ እኔም እንዳፈርኩ ትስማ። እሷ ሳትምርሽ እኔን ማሪኝ እንዳትይኝ።

የሌላኛውን እግሯን ነገር ደግሞ ጻፊልኝ። እውነቱን።

ዩላሊ

ሞን ፓቪ
ፌብሩዋሪ 12፣ 1999

እህት ዩላሊ፣

እኔም ያለ ሰላምታ ልጀምር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ሚስ ኢኒድ የዳቦ ፍሬ ከዛፉ አውርዳ በኮኮናት ወተት ሠርታ ነበር፤ «ብዪ» አለችኝ፣ «አንብቤ እበላለሁ» አልኳት። ዲያቆኑ «የዩላሊ ደብዳቤ ነው? ዛሬስ ማንን ልትቆጣ ነው?» ብሎ ሳቀ። ታንቲ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን ደፉ፤ ደብዳቤሽን ያለ ባርኔጣ አይሰሙም።

አነበብኩት። ጥርት አድርጌ አላነበብኩትም፤ «አየር ላይ ያዝኩት» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ዲያቆኑ መሬት መሬት ያያል። ሚስ ኢኒድ ማልቀስ ስትጀምር ታንቲ «ዝም በይ አንቺ! እግሩ ያንቺ ነው?» አሏት። ከዚያ ያንቺን አነበብኩ። ስጨርስ ድስቱ ሲያር ሸተተን፤ የተነሳለት ሰው የለም።

በመጨረሻ ታንቲ ምን አሉ መሰለሽ? «ዓይኔን መች ጨፈንኩ? በሽፋሽፍቴ ሥር አጮልቄ እጅሽን አይ ነበር። እጅሽ ሲነሳ አዎ፣ ሲነሳ አዎ እላለሁ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ይንካኝ አይንካኝ አላይም።» ለምን ታንቲ ብላቸው፣ «ከሆነ ጊዜ ጀምሮ እግሬ አይሰማኝም። ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ትቼው መጥቼ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት አይሰማኝም ብል፣ ማታውኑ ፊሎ አለቀላት ተብሎ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል። አፈርኩ» አሉኝ።

እኔም «ታንቲ፣ እርስዎ ሕመምተኛ ነዎት። ሕመምተኛ ይደብቃል። ሲስተሯ እኔ ነኝ፤ መደበቅዎን አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አልኳቸው።

«እሱማ እውነት ነው» አሉ። «ማርኩሽ እንድልሽ ነው የምትጠብቂው? ዛሬ አልችልም። ብልሽም ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ይበቃናል። ሐሙስ እመጣለሁ።» እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሰበሰቡት። ትክክል ናቸው፣ አልተቀየምኩም።

ሐሙስ ዲያቆኑ እየገፋ አመጣቸው። አሁን መጋረጃ አለን፤ ከቤቴ አንሶላ ሰፍቼ የሰቀልኩት ነው። ሜትሮኗ ወደ ምርመራው ከመለሰችኝ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ያን ቀን ግን አጠገቤ ቆመች። ታንቲ የራስ ሻሻቸውን ፈትተው ሰጡኝና «በዚህ ዓይኔን እሰሪኝ። ራሴን አላምነውም» አሉ። አሰርኳቸው። ቀኝ እግራቸውን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። ተረከዙን ትቼ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጥኩ፣ አውራ ጣታቸውን፣ ሦስተኛውን፣ ትንሿን፣ ከጣቶቹ ሥር፣ መሀሉን፣ ሳልቸኩል፣ ክሩ እስኪጎብጥ ጫን እያደረግሁ አሥሩንም ቦታ ነካሁ። መልሼ እንደገና ነካሁ።

ታንቲ ፀጥ ብለው ይጠብቃሉ። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ወንበሩን ጨብጠው፣ አዎ ለማለት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በኋላ «አንቺ ልጅ፣ ምነው ዘገየሽ? መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ ታንቲ» አልኳቸው።

ሻሹን አልፈቱትም። እንደታሰሩ ጎንበስ ብለው እግራቸውን በእጃቸው ፈለጉት፤ ሲያገኙት ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሜትሮኗ ካርዱ ላይ «ስጋቱ ከፍተኛ» ብላ ጻፈች፤ ሁለታችንም ፈረምን። ጫማ ይሠራላቸዋል፤ በየሳምንቱ አያቸዋለሁ፤ ባዶ እግር የሚባል ነገር ቀርቷል። ይህ እግር እንዲተርፍ የሚደረገውን ሁሉ እናደርጋለን። ይተርፋል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

ሊወጡ ሲሉ «ለዩላሊ ልትጽፊላት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ደህና ናት ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ። ተሽከርካሪ ወንበሩ በሩ ላይ ሲደርስ ዲያቆኑን አስቆሙትና፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «እኔ ራሴ ልላት ስንት ዓመት ሞከርኩ፤ አፌ አይልልኝም። አንቺ በያት» አሉኝ።

እህት ዩላሊ፣ እናትሽ ደህና አይደሉም። ነይ ብለውሻል።

ክላሪስ